ኮምፒውተሩ ጤነኛ የሆነ ሰሞን

አክስቴ የኮምፒውተሩን ስክሪን በጎኑ አስተኝታ የሠራችበት ሳምንት ትዝ ባለኝ ቁጥር አንገቴን ያመኛል። ሳቄም ይመጣል፤ ግን መጀመሪያ አንገቴን ነው።

ከመነሻው ልንገራችሁ። ቤታችን በጓሮ በኩል መኖሪያ፣ በመንገዱ በኩል ሱቅ ነበር። ሱቋ የአክስቴ ናት፤ የእናቴ ታናሽ እህት። ማመልከቻ፣ የፈተና ወረቀት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የጠፋ ውሻ ማስታወቂያ፣ የመጣውን ሁሉ ትተይባለች። ዕቃዋ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ወረቀት ካላኘከ የማያወጣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። እናቴ ቀን ቀን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትውላለች። አባቴ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ቤት ውስጥ ከእሱ ይልቅ ነጠላ ጫማውን ነው የምናየው። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ከአክስቴ ጠረጴዛ ሥር አልጠፋም። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል ፌንጣ ትለኛለች። የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነው፤ እግሯ ሁልጊዜ ይሞቃል።

በሩ ላይ ደግሞ አያቴ አሉ። አባባ ጡረታ የወጡ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የነጋዴ ሚዛን ሲፈትሹ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የሚፈትሹት ቢያጡ ሰው መፈተሽ ጀመሩ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ሬዲዮአቸውን አጠገባቸው አድርገው ደጃፉ ላይ ይቀመጡና የሚገባውን ሁሉ «ጉዳይህ ምንድን ነው?» ይላሉ። ጉዳይ ያለው ይገባል፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ይወጣል። ጉዳይ ሳይኖረው ቤታችን ውስጥ የተቀመጠ ሰው አላስታውስም። ወንድ ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም። ፖስታ አመላላሹ እንኳ ውሃ ለምኖ ጠጥቶ ብርጭቆውን ሲመልስ «በል እንግዲህ» ይሉታል።

አንድ ክረምት ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ አስቸገረ። አንዲት ማመልከቻ እስኪከፍት ድረስ ባለጉዳዩ ሐሳቡን ይቀይራል። ያኔ ነው ባለቦርሳው የመጣው። ከፋርማሲው ኋላ ትንሽ ክፍል ተከራይቶ ኮምፒውተር የሚጠግን ቀጭን ልጅ ነው፤ ከራሱ የሚከብድ ቦርሳ ስለሚያንጠለጥል ባለቦርሳው አልነው። ማሽኑን ከፈት ዘጋ አደረገና ምርመራውን ተናገረ።

«ማሽኑ ደህና ነው። ያረጀው ሲስተሙ ነው። አዲስ ሲስተም እጭንላችኋለሁ። ፈጣን ነው፣ ቫይረስ አይደፍረውም፣ አይበላሽም።»

«አይበላሽም?» አሉ አባባ ከበሩ።

«አይበላሽም፣ አባባ።»

«የማይበላሽ ከሆነ አንተ በምን ትተዳደራለህ?»

ባለቦርሳው አክስቴን አየ። አክስቴ ኪቦርዱን አየች። እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ፣ ይሄ ሰውዬ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል ብዬ ያዝኩበት።

አዲሱ ሲስተም በገባ ማግስት፣ ዓይኗን ጨፍና ትተይብ የነበረችው አክስቴ መብራት በጠፋበት ቤት ክብሪት እንደሚፈልግ ሰው መዳበስ ጀመረች። ከታች ጥግ ላይ የነበረው፣ ሁሉን የሚከፍተው ቁልፍ የለም። ትንንሾቹ ሥዕሎች በግራ በኩል ቁልቁል ተሰልፈዋል። ሰዓቱ አናት ላይ ወጥቷል። መዝጊያዋ ምልክት ከቀኝ ወደ ግራ ተሻግራለች። የቆሻሻ መጣያውማ ደብዛው ጠፍቷል፤ «ታዲያ የማልፈልገውን የት ልጣለው?» እያለች የተሳሳቱ ጽሑፎችን ሁሉ አንድ ላይ አከማችታ «ኋላ የሚጣሉ» የሚል ስም ሰጠቻቸው። ሲመሽ ማጥፊያውን ፈልጋ ፈልጋ አጣችው። ገመዱን መንቀል ፈራች። በመጨረሻ አንሶላ አለበሰችውና «በል ደህና እደር» ብላው ገባች። ኮምፒውተራችን እንዲህ አንሶላ ለብሶ፣ ከሥር ሰማያዊ ብርሃን እያሾለከ፣ ሳይጠፋ ብዙ ጊዜ ሰነበተ። አባባ በአጠገቡ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር።

በዚያው ሰሞን እናቴ እራት ላይ አባባን ስታዋራ ሰማሁ።

«ሥራው እንዲህ እየቆመ ከቀጠለ ወንድማችን ጋ ትሂድ እንጂ። እሱ ያለበት ከተማ ዱቄት ፋብሪካው ጸሐፊ ይፈልጋል ብሏል። እዚህ ጥግ ተቀምጣ ዕድሜዋን ከምትገፋ እዚያ ሰው ታያለች፣ ሰው ያያታል።»

እኔ የያዝኩት የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ኮምፒውተሩ ከተበላሸ አክስቴ ትሄዳለች፤ ኮምፒውተሩ ደህና ከሆነ አክስቴ ትቀራለች። ሁለተኛው ግማሽ፣ ያ ሰው የማየትና የመታየት ነገር፣ በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። የእናቴ ጭንቀት ግን ያለው እዚያ ውስጥ ነበር። ኮምፒውተሩ ሰበብ ነው።

ኮምፒውተሩም እንደ ሰበብነቱ ይበላሽ ጀመር። አይበላሽም የተባለው ሲስተም ሳምንት ሳይሞላው ድምፁ ጠፋ። ባለቦርሳው ተጠራ። ከዚያ ኪቦርዱ ማንም የማያውቀው ቋንቋ መጻፍ ጀመረ፤ ባለቦርሳው ተጠራ። ከዚያ ማውሱ ግራኝ ሆነ። ከዚያ ሥዕሎቹ የጤፍ ፍሬ አከሉ። አባባ በእያንዳንዱ ጥገና ላይ ወንበራቸውን ስበው ይገኛሉ፤ ሚዛን የሚፈትሽ ሰው ሥራውን በሰው አይተውም። ችግሩ ምሳ ከበሉ በኋላ እንቅልፍ ይጥላቸዋል።

እዚህ ላይ ነው ባለቦርሳውን የጠላሁት። አባባ ነቅተው ሳለ አክስቴን በአክብሮት ነው የሚያናግራት። «እርስዎ እዚህ ጋ ሲጫኑ ምን ይልዎታል?» ይላል። አባባ ማንኮራፋት ሲጀምሩ ግን ድምፁን ቀነስ አድርጎ «አንቺ ትናንት በፋርማሲው በኩል ስታልፊ ለምን ዘጋሽኝ?» ይላታል። ደሜ ፈላ። ሽማግሌ እንቅልፍ እስኪወስደው ጠብቆ አክስቴን የሚንቅ ሰው። አክስቴ ደግሞ እንደ መቆጣት አንገቷን ደፍታ ትስቃለች፤ ፈርታው ነው አልኩ። ሁለቱም የተከፈተ ነገር በሌለበት ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ብዙ ይቆያሉ። አንዳንዴ ሙሉ ከሰዓት አጥፍቶ ያበራዋል። ይሄ ልጅ ሥራውን አያውቅም ብዬ ደመደምኩ፤ በዚህ ብቻ አልተሳሳትኩም።

አክስቴን ማዳን በእኔ ላይ ወደቀ። ሱቁ ለምሳ ሲዘጋ አንሶላውን ገልጬ እገባለሁ። ያየሁትን ሁሉ እጫናለሁ፤ የተጫንኩት ምን እንዳመጣ አያለሁ፤ ካልወደድኩት እመልሰዋለሁ። አሮጌውን ሲስተም አላውቀውም፤ ስለዚህ የምረሳው ነገር አልነበረኝም። አክስቴ «ድሮ እዚህ ነበር» እያለች የምትፈልገውን እኔ ያለበት ቦታ ሄጄ አገኘዋለሁ። ማጥፊያውን አገኘሁት፤ ከቀኝ በኩል አናት ላይ ተሸሽጓል። የቆሻሻ መጣያውንም አገኘሁት። ጥቂት ቆይቶ ድምፅ ቢጠፋ፣ ቋንቋ ቢቀየር፣ ማውስ ግራኝ ቢሆን፣ ባለቦርሳው እስኪደርስ አልጠብቅም። ለማንም አልተናገርኩም። ልጅ ኮምፒውተር ከነካ እጁ ይቆረጣል የተባለበት ቤት ነው።

አሁን ልቅም አድርጌ የማውቀውን ልናገር። አክስቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ሽንኩርት እየላጠች ነው የነገረችኝ፤ እንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የሳቁ አልለየሁም። ድምፁን ያጠፋችው እሷ ናት። ቋንቋውንም የቀየረችው እሷ ናት። ምን እንደምትነካ ሳታውቅ፣ አንድ ነገር እስኪበላሽ ድረስ ትነካካለች። ባለቦርሳው በበኩሉ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንዲጠራ አንዲት ነገር ሳያላላ አይወጣም ነበር። ሁለቱም አንዱ የሌላውን አያውቅም። እሱ ያበላሻል፣ እሷ ታበላሻለች፣ ከሁለቱ ኋላ ደግሞ እኔ አስተካክላለሁ። አዲሱ ሲስተም ብርቱ ሆኖ ነው እንጂ ይሄን ሁሉ ባልቻለው ነበር።

አክስቴ ምኗም አልያዝ ሲላት ሰይጣን የገባ መሰላት። ማታ አበላሽታ የተኛችው ከምሳ በኋላ ደህና ሆኖ ይጠብቃታል። ስለዚህ ጨከነች። አንድ ጠዋት የስክሪኑ ምስል በጎኑ ተጋድሞ ተገኘ፤ ፊደሉ ሁሉ አልጋ ላይ የተኛ ሰው መሰለ። ባለቦርሳው ተጠራ፤ ጉንፋን ጥሎት ተኝቷል ተባለ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስተይቡ ተማሪዎች ደግሞ በር ላይ ናቸው። አክስቴ ስክሪኑን አንሥታ በጎኑ አስተኛችው፤ በሁለት ጡብ ደገፈችውና መተየብ ቀጠለች። ይህን ስታደርግ ግን በየትኛው ጎን እንደምታስተኛው አልተጠነቀቀችም፤ ፊደሉ ከተጋደመበት አልፎ በአናቱ ተተከለ። አክስቴ ሳምንቱን ሙሉ አንገቷን ቆልምማ ሠራች። ተማሪው ከኋላዋ ቆሞ አንገቱን ቆልምሞ ያርማል። አባባ ከበሩ አንገታቸውን ቆልምመው ይቆጣጠራሉ። ከመንገድ የሚያልፍ ሰው እንኳ አይቶን ሲሄድ ትንሽ ዘምበል ብሎ ነበር የሚሄደው።

እኔም ማስተካከያውን ስፈልግ አንገቴ ሊቀነጠስ ደረሰ። ባለቦርሳው ተሽሎት ይመጣል በተባለ ቀን፣ በምሳ ሰዓት አገኘሁት። ምስሉን አቃናሁት፤ ስክሪኑን ግን ከባድ ስለነበር በጎኑ እንደተኛ ተውኩት።

አባባ ከምሳ ሲመለሱ በጎኑ የተኛ ስክሪን ላይ የተጋደመ ጽሑፍ አዩ። ጡቦቹን አወጡ። ስክሪኑን በሁለት እጃቸው አንሥተው ቀጥ አድርገው አቆሙት። ጽሑፉም ቀጥ አለ። ራቅ ብለው ልክነቱን በአንድ ዓይናቸው ለኩና ወደ ወንበራቸው ሄዱ። ባለቦርሳው ከእነ ቦርሳው፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ደረሰ።

«ጉዳይህ ምንድን ነው?»

«ስክሪኑ ተጋድሟል ተብዬ ነበር፣ አባባ።»

«አቃንቼዋለሁ።»

«እንዴት?»

«በእጄ ነዋ። በምን ይቃናል?»

ባለቦርሳው አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ። አክስቴ ወንበሯ ላይ ድርቅ ብላለች። «ሌላ ጉዳይ ከሌለህ በል እንግዲህ» አሉት። ሄደ። ሌላ ቀን ድምፅ ጠፋ ተብሎ መጣ፤ ድምፁ ነበር። ሌላ ቀን ፕሪንተር እምቢ አለ ተብሎ መጣ፤ በሩ ላይ ሳለ ፕሪንተሩ ወረቀት ያንደቀድቃል። ፊቱ ጠቆረ። አክስቴ እያላገጠችበት መሰለው። ከዚያ በኋላ አልመጣም፤ በሱቃችን በኩል ማለፍም ተወ።

ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሆነ። ተማሪው ጽሑፉን በሰዓቱ ይወስዳል፣ አክስቴም እጇ ለምዶ እንደ ድሮው ዓይኗን ጨፍና ትተይባለች። እኔ በደስታ ልፈነዳ ነው። አክስቴ ግን ምግብ ቀነሰች። ፌንጣ ማለት ተወች። እግሯ እንኳ የቀዘቀዘ መሰለኝ። አንድ እሑድ ምሳ እየበላን፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ለዱቄት ፋብሪካው እሺ ብያለሁ። በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ» አለች።

ማንኪያዬን ጣልኩት።

«ለምን ትሄጃለሽ? ኮምፒውተሩ እኮ ጤነኛ ነው!»

«እሱማ ጤነኛ ነው» አለች፣ የሰው ስም የምትጠራ ይመስል።

«እኔ ነኝ ያስተካከልኩት! ድምፁን እኔ ነኝ የመለስኩት። ቋንቋውንም፣ ማውሱንም፣ የተጋደመውንም። አባባ ስክሪኑን ነው እንጂ ምስሉን እሳቸው አላቃኑትም። ሁልጊዜ ከባለቦርሳው ቀድሜ አስተካክለዋለሁ። ከእንግዲህ እሱ አያስፈልግሽም። አትሄጂም!»

እናቴ እኔን አየች፣ አክስቴን አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አክስቴ «አንቺ ነሽ?» አለች በቀስታ። «አንቺ ነሽ እንዴ?» ከዚያ ሳቅ ጀመራት። ሳቁ መሃል ላይ እንባዋ ሳህኗ ውስጥ ጠብ አለ፤ ተነሥታ ወደ መኝታችን ሮጠች። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። ሰውን ቢያድኑት እንዲህ ማልቀስ ምን የሚሉት ነው ብዬ ተናደድኩ።

አባባ ጉርሻቸውን በዝግታ አኝከው ዋጡ። እጃቸውን ታጠቡ። ዜና የሚያወራውን ሬዲዮአቸውን አነሡ፤ በጀርባው ያለውን ክዳን ከፈቱ፤ ባትሪዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው ኮት ኪሳቸው ከተቱ። ዜናው በመሃል ቆመ።

«ፌንጣ» አሉ። ከዚያ በፊት በዚህ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። «ያን ባለቦርሳ ጥሪልኝ። ሬዲዮዬ ተበላሽቷል።»

«አባባ፣ ባትሪው እኮ ኪስዎ ውስጥ ነው።»

«ጉዳዩን ለእሱ እነግረዋለሁ። ሂጂ።»

ባለቦርሳውን ክፍሉ ውስጥ፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ አገኘሁት። ያው የእኛው ሲስተም ነው። ማውሱን ከጥግ ጥግ ያመላልሳል፣ ራሱን ያካል። ከኋላው ቆሜ ትንሽ አየሁት።

«ማጥፊያውን ነው የምትፈልገው?» አልኩት።

ደነገጠ። «ማን አሳየሽ?»

«ማንም። ቀኝ በኩል አናት ላይ ነው።»

ተጫነው፤ ጠፋ። ጆሮው እንደ በርበሬ ቀላ። ዛሬ፣ በተሰበሰብን ቁጥር ራሱ ነው የሚያወራው። ያን ሲስተም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጫነው እኛ ቤት ነው። አሮጌውን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ ችግሩ ሌሎቹም ጠጋኞች ያውቁታል፤ አክስቴም ታውቀዋለች። ማንም የማያውቀው ሲስተም ከገባ ግን ከእሱ በቀር የሚጠራ አይኖርም ብሎ አሰበ። እሱም እንደማያውቀው ትዝ ያለው ከጫነው በኋላ ነው።

ሲደርስ አባባ በሩ ላይ ተቀምጠዋል። አስጠርተውትም ልማዳቸውን አልተዉም።

«ጉዳይህ ምንድን ነው?»

«እርስዎ አስጠርተውኝ ነው፣ አባባ። ሬዲዮ...»

አቀበሉት። ገለበጠው፣ ነቀነቀው፣ ክዳኑን ከፈተው። «ባትሪ የለውም» አለ። «ደግሞስ አባባ፣ እኔ የሬዲዮ ባለሙያ አይደለሁም።»

«የኮምፒውተርስ መቼ ሆንክ?»

ባለቦርሳው ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። አክስቴ ዓይኗ እንዳበጠ የጓሮው በር ላይ ቆማለች፤ እናቴ ከኋላዋ። አባባ የሚዛን ሰው ናቸው፣ አልቸኮሉም።

«ሰው በተበላሸ ዕቃ እያሳበበ ዕድሜውን አይጨርስም። ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ። ጉዳይህ ምንድን ነው?»

ባለቦርሳው አክስቴን ቀና ብሎ አያት። ጆሮው አልቀላም። እኔ ጆሮውን ነበር የማየው።

«እሷ ናት» አለ። «ከመጀመሪያውም እሷ ናት።»

አባባ የመጨረሻውን ግራም እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ቆዩ። ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእግራቸው ገፋ አደረጉለት።

«ይሄ ረጅም ጉዳይ ነው» አሉ። «ተቀመጥ።»

ባትሪዎቹን ከኪሳቸው አውጥተው መለሱ። ዜናው ካቆመበት ሳይሆን ከደረሰበት ቀጠለ።

ተጋቡ። አክስቴ ዱቄት ፋብሪካ ሳትገባ ቀረች፤ ግን ሄደች። ባለቦርሳው በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ሥራ አገኘ፣ እሷም እዚያ ሱቅ ከፈተች። የእኛን ሱቅ እናቴ የልብስ ስፌት ፋብሪካውን ትታ ያዘችው። በሁለት ጣት ብቻ ነው የምትተይበው፣ ቀስ እያለች፤ ኮምፒውተሩን ከመጥረግ በቀር አትነካካውም። ስለዚህ አንድም ቀን አልተበላሸም። አልጋው ሰፋኝ። እግሬን ወደዚያ ወደዚህ ባደርግ የሚሞቅ ቦታ የለም። ማታ ማታ ኮምፒውተሩን በትክክለኛው ማጥፊያ አጠፋውና ጨለማ ስክሪን ላይ የራሴን ፊት አያለሁ። አንድን ዕቃ ጤነኛ በመሆኑ የጠላሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ገብቼ ምስሉን በጎኑ አጋደምኩት። ወጥቼ አባባ ፊት ቆምኩ።

«አባባ፣ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል። እነ አክስቴ ይጠሩ።»

አባባ ከወንበራቸው ሳይነሡ አንገታቸውን ቆልምመው ወደ ሱቁ አዩ። የተጋደመውን ጽሑፍ አነበቡት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ዘግይተሻል» አሉ። «ትናንት ደውዬላቸዋለሁ። በማታው አውቶቡስ ይገባሉ።»

«ለምን ደወሉ?»

«ሬዲዮዬ አልሠራ አለ።»

ሬዲዮው አጠገባቸው ጭጭ ብሏል። የኮታቸው ኪስ በባትሪው ክብደት ወደ ታች ተጎትቷል። ወንበር አምጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና፣ ሁለታችንም መንገዱን እያየን ጠበቅናቸው።